«እስቲ ድገሚው!»፦ ልጆች የሚያስቁን ለምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት ነው። እህቴ ቤት ማታ ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለናል። ውጪ ዝናቡ ይወርዳል። ቶናው እየተቀዳ ሳለ መብራት ሄደ። እንደ ልማዳችን ሁላችንም «ኤጭ!» አልን። የአራት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ግን ዝም አለች። ፊቷ የሚታየው በከሰሉ ብርሃን ብቻ ነው። ትንሽ ቆየችና ወደ መስኮቱ ዞራ፣ «ቦቲ አድርጎ ነው የሄደው?» አለች።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እህቴ ስልኳን አነሳች፤ ባትሪውን አበራችና መቅረጽ ጀመረች። «እስቲ ድገሚው! እስቲ ድገሚው የኔ እናት!» ልጅቷ ደገመችው። በሁለተኛው ግን ወደ መስኮቱ አላየችም፤ ያየችው ስልኩን ነው። በሦስተኛው ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ጨመረችበት። እኛም ይበልጥ ሳቅን። በማግስቱ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ማታ ከአእምሮዬ አልጠፋችም። ልጅቷ ጥያቄ ነበር የጠየቀችው። ያን ማታ ማንም አልመለሰላትም። እኔም እዚያው ነበርኩ።

ዛሬ የብዙ ቤት ወግ ይሄ ሆኗል። ድሮ ልጅ አስቂኝ ነገር ሲናገር እናት ለጎረቤት ታወራዋለች፣ አያት በዓል በመጣ ቁጥር ታነሳዋለች፣ እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ይቀራል። አሁን ስልክ እጃችን ላይ ነው። ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ቴሌግራም በልጆች ንግግር ተሞልተዋል። እኔም እያየሁ እስቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልቤን ይከነክነዋል። ልጆች በጣም የሚያስቁን በጣም በሚያስቡበት ሰዓት ነው። እኛ ደግሞ ልክ ሐሳቡ ላይ ሲደርሱ «ድገሚው» ብለን ወደ ትወና እንወስዳቸዋለን።

እስቲ የመብራቱን ነገር እንመልከተው። መብራት «ሄደ» ያልነው እኛ ነን። ሲመለስም «መጣ!» ብለን የምንጮኸው እኛ ነን። በአማርኛ ፀሐይ ትወጣለች፣ ትገባለች። ውሃ ትጠፋለች። መኪና «አልነሳም» ይላል፣ ኔትወርክ «እንቢ» ይላል። ይህን ሁሉ ስትሰማ ያደገች ልጅ ምን ትበል? የሚሄድ ነገር ካለ በእግሩ ነው የሚሄደው። በዝናብ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቦቲ ያደርጋል። እሷ ራሷ በዚያ ክረምት ያለ ቦቲ ከቤት አትወጣም ነበር። ጥያቄዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተያያዘ ነው። እኛ የነገርናትን ይዛ፣ የምታውቀውን ጨምራ፣ አንድ እርምጃ ሄደች።

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ስለዚህ ነገር ብዙ ጽፏል። ትንንሽ ልጆች የሚንቀሳቀስን ነገር ሁሉ ነፍስ እንዳለው እንደሚያዩት አስተውሏል። ጨረቃ የምትከተላቸው የሚመስላቸው ልጆች ነበሩ፤ እኛም በልጅነታችን በመኪና መስኮት አንጋጠን እንደዚያው ብለናል። ፒያዤ ብዙ ነገር ያገኘው ልጆችን በመጠየቅ፣ የራሱን ሦስት ልጆችም ቁጭ ብሎ በማየትና በመጻፍ ነው። እሱም ዋናው ነገር የልጁ መልስ መሳሳቱ አይደለም ይላል። ዋናው ልጁ እዚያ መልስ ላይ የደረሰበት መንገድ ነው።

አማርኛችን ደግሞ ለልጅ ወጥመድ የሞላበት ነው። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ «ውይ፣ አንጀቴን በላሽው!» ስትል ልጅቷ ደንግጣ «እኔ አልበላሁም! ዳቦ ነው የበላሁት!» ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። እንግዳ ይበላ ዘንድ «በሞቴ!» የምትል አያት ጋ ሄዶ «አትሙቺ፣ እኔ እበላልሻለሁ» ያለ የልጅ ልጅም አውቃለሁ። ያን ቀን ሁለት እንጀራ በላ። አያቱን ለማዳን ነው የበላው። እኛ ቃሉን ለምደነው ትርጉሙን መስማት ትተናል። ልጅ ግን ገና ይሰማዋል።

ሰዋስው ላይ ሲመጣ ነገሩ የበለጠ ይደንቃል። ይህችው የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመት አካባቢ ሳለች አባቷን «አባዬ ምጣ!» ነበር የምትለው። ሁላችንም «ምጣ» እያልን እንጠራራ ጀመር፤ የቤት ቀልድ ሆነ። ቆይቼ ሳስበው ግን ልክ ነበረች። ሰማ — ስማ። በላ — ብላ። ታዲያ መጣ — ምጣ የማይሆነው ለምንድን ነው? «ና» የሚለው ቃል ከ«መጣ» ጋር ምንም አይመሳሰልም። ማንም ቤት ውስጥ «ምጣ» ብሏት አያውቅም። ስለዚህ ከሰው ሰምታ አልደገመችውም። ሕጉን ራሷ ደርሳበት፣ ራሷ ሠርታ ያወጣችው ቃል ነው። «አይደለም» ለማለት «አይነውም» ያለ ልጅም እንዲሁ ነው። አይበላም፣ አይሄድም፣ አይነውም። አሳማኝ ነው።

ይህን በሙከራ ያሳየችው አሜሪካዊቷ የቋንቋ ተመራማሪ ጂን በርኮ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1958። ለልጆች ወፍ የምትመስል ሥዕል አሳየቻቸውና «ይሄ ዋግ ይባላል» አለቻቸው። ቃሉ የትም የለም፣ የፈጠራ ነው። ከዚያ ሁለት ሥዕል አሳይታ «አሁን ሁለት ምን አሉ?» ስትላቸው ብዙዎቹ በእንግሊዝኛው የብዙ ቁጥር ሕግ «ዋግዝ» አሉ። ሰምተውት የማያውቁትን ቃል ማለት ነው። ልጆች ቋንቋን ሕግ እያወጡ እንደሚማሩ ከዚህ ሙከራ በላይ በቀላሉ የሚያሳይ አላውቅም። አማርኛ ተናጋሪ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ሥዕልም አያስፈልገውም። «ምጣ» በቂ ነው።

አንቱታም አለ። የሰፈራችን አንድ ልጅ ለትልቅ ሰው «አንቱ» እንዲል ተመክሮ ተመክሮ ገባው። ለፋሲካ የመጣ ጢማም ፍየል ግቢው ውስጥ ታስሮ ሲያይ ጎንበስ ብሎ «ደህና አደሩ?» አለው። ጢም ያለው ሁሉ አንቱ ነው፤ እሱ የገባው እንደዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር እኛ በሰጠነው ምክር ውስጥ ፍየል አይካተትም የሚል አልነበረም።

ውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች ይህን በሌላ መልኩ ያውቁታል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ ልጅ ጎንደር ያለችውን አያቱን በቪዲዮ «አንተ እንዴት ነህ?» ይላታል። አያት ትስቃለች፣ እናት ታፍራለች። ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ በሚናገረው እንግሊዝኛ ወንድም ሴትም ሽማግሌም «ዩ» ናቸው። እስራኤል ያለ ልጅ ደግሞ ሌላ ነው። ዕብራይስጥ ለወንድ «አታ»፣ ለሴት «አት» ስለሚል «አንተ» እና «አንቺ» ብዙም አዲስ አይሆኑበትም። እሱ ዘንድ የሌለው አንቱታው ነው። ባለጌ ሆነው አይደለም፤ ከለመዱት ቋንቋ የሌለውን ነገር ነው የምንጠይቃቸው። አያትየዋ ስትስቅ ልጁ ለምን እንደተሳቀበት አልገባውም። በሚቀጥለው እሑድ ስልኩን እንቢ ሲል ምክንያቱን የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ገመናው ልምጣ። ሁሉም ቤት አንድ እንደዚህ ዓይነት ታሪክ አለው። ዕቁብ ሰብሳቢዋ በር ታንኳኳለች። እናት ልጁን «የለችም በላት» ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ልጁ በሩን ከፍቶ ቀጥ ብሎ፣ «እማዬ የለችም በላት ብላለች» ይላል። አንዳንዱ ልጅ ይጨምርበታል፦ «ጓዳ ናት።»

ለምን እንዲህ ይላሉ? ውሸት መናገር ስለማይችሉ ብቻ አይደለም። ውሸት እንዲሠራ ሌላው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ከእኔ የተለየ ነገር እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሄንዝ ዊመርና ጆሴፍ ፐርነር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን የሚፈትን አጭር ታሪክ ለልጆች ነገሩ። ማክሲ የሚባል ልጅ ቸኮሌቱን አንዱ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል። እናቱ ወደ ሌላው ታዛውረዋለች። ማክሲ ሲመለስ የት ይፈልጋል? ትንንሾቹ አሁን ያለበትን ቦታ ያሳያሉ። እነሱ ስለሚያውቁ ማክሲም የሚያውቅ ይመስላቸዋል። አራት ዓመትን እያለፉ ሲሄዱ ግን «መጀመሪያ ያስቀመጠበት ነው የሚፈልገው» ማለት ይጀምራሉ።

ስለዚህ በሩ ላይ የቆመው የሦስት ዓመት ልጅ ተልእኮውን በትክክል ነው ያደረሰው። እናቱ ጓዳ መሆኗን እሱ ያውቃል፤ ሴትዮዋም የምታውቅ ይመስለዋል። የሚደበቅ ነገር እንዳለ ገና አልታየውም። ይሉኝታም ገና አልመጣም። ይሉኝታ ማለት ሌላው ሰው ስለ እኔ ምን ያስባል ብሎ ማሰብ ነውና ከዚያው ቦታ ነው የሚበቅለው። እንግዳ ፊት «እማዬ፣ ቶሎ በሄዱ ያልሽው እሳቸውን ነው?» ያለችን ልጅ ከመቆንጠጥ በፊት ይህን ማወቅ ይጠቅማል። እኔ በበኩሌ ከልጁ ይልቅ «የለችም በላት» ያለው ትልቅ ሰው ነው የሚያሳስበኝ። ልጁ በመጨረሻ መዋሸት ይማራል፤ የመጀመሪያ አስተማሪዎቹም እኛ ነን።

አባቶቻችን «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ያሉት ትክክል ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ጥሬውን ብቻ ይዘን እንስቃለን። ብስሉን መልቀም ጊዜ ይፈልጋል። ቆም ማለት፣ «ለምን እንደዚያ አልሽ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱን እስከ መጨረሻ መስማት ይፈልጋል።

አንድ ጊዜ ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ሲያም አይቻለሁ። ጎረቤታችን ቤት ተዝካር ነበር። የሞቱት የቤቱ አያት ናቸው። ድንኳን ተጥሏል፣ ሰው ሞልቷል፣ ጠላው ይቀዳል። የአምስት ዓመቱ የልጅ ልጅ በእንግዶቹ መሃል ያልፋል፣ ይመለሳል፣ ወደ በሩ ያያል። ከዚያ አንድ ሳህን ይዞ መጥቶ ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠና «ማንም እንዳይነካው፣ የእማማ ነው» አለ። «እማማ እኮ አትመጣም» ሲሉት፣ «ለሷ ነው የተደገሰው አላላችሁም?» አለ። ጥግ ላይ የተቀመጡት ፈነዱ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ «እስቲ ድገመው ጎበዝ» አለው።

ልጁ አልደገመውም። ሳህኑን በሁለት እጁ ያዘና ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ሞት የማይመለስ መሆኑን ልጆች ቀስ ብለው ነው የሚረዱት፤ አብዛኞቹ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ። ይህ ልጅ መሃል ላይ ነበር። የሰማውን ሁሉ ደምሯል፦ ድግሱ የእሷ ነው፣ ሰው ሁሉ መጥቷል፣ የቀረችው እሷ ናት። ድምሩ እንድትመጣ ነው የሚያደርጋት። ወንድ አያቱ ተነሥተው እጁን ይዘው ከድንኳኑ አወጡት። ድንጋይ ላይ አስቀምጠውት ሲነጋገሩ በዚያ አልፌ ሰማኋቸው። «አትመጣም ልጄ። ናፍቃን ነው የተሰበሰብነው።» ልጁ ትንሽ አሰበና «እኔም ናፍቃኛለች» አለ። «አውቃለሁ» አሉት። ሳህኑን አብረው በሉት።

ያ ቪዲዮ ቢሳካ ኖሮ ስንት ሺህ ሰው «ውይ የልጅ ነገር» ብሎ ይስቅበት ነበር? ልጁስ አድጎ አንድ ቀን ስሙን ከአባቱ ስም ጋር ሲፈልግ ያን ቢያገኘው?

ሕጉም ዝም አላለም። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ አንቀጽ 36 ላይ ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት ጉዳይ የሕፃኑ ጥቅም በቀዳሚነት ይታይ ይላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 16 ላይ ልጅ የራሱ የግል ሕይወትና ክብር እንዳለው ይናገራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል፤ ቁጥር 1321/2016። በሌላው ዓለም ነገሩ ገፋ ብሏል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ እናትና አባት የልጃቸውን የምስል መብት አብረው እንዲጠብቁና እንደ ዕድሜውም እንዲያማክሩት አድርጋለች። የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት ደግሞ ከዚያው ዓመት ጁላይ ጀምሮ፣ በልጁ ቪዲዮ ገንዘብ የሚያገኝ ወላጅ ለልጁ ድርሻውን እንዲያስቀምጥለት ታስገድዳለች። ቲክቶክም ፌስቡክም አካውንት ለመክፈት 13 ዓመት ይጠይቃሉ። ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ግን በእናቷ አካውንት ላይ ዋና ተዋናይ ናት።

ወላጅን ለመውቀስ አይደለም። ሰው የሚወደውን ነው የሚያሳየው። እህቴም ቪዲዮውን የለጠፈችው ልጇ ስላኮራቻት ነው። ሩቅ አገር ያለው አጎት፣ ዱባይ ያለችው አክስት ልጅቷ እንዴት እንዳደገች የሚያዩት በዚያ ነው። ለቤተሰብ በግል መላክ አንድ ነገር ነው። ለማያውቃት ዓለም መልቀቅ ሌላ ነው። ከሁሉም የከፋው ግን ሆን ብሎ ማስቆጣት ይመስለኛል። «ከእናትሽና ከአባትሽ ማንን ትወጃለሽ?» ብሎ ማስጨነቅ። ስድብ አስተምሮ ማሰደብ። አስፈራርቶ ማስለቀስና በለቅሶው መሳቅ። እሱ የልጅ ጨዋታ አይደለም። ልጅም ቶሎ ይማራል፤ ስልክ ሲነሣ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ያሰበውን መሆኑ ይቀርና የሚያስቀንን ይሆናል።

ይህን ለእህቴ ነገርኳት። መጀመሪያ አኮረፈችኝ። ከዚያ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛች። ልጅቷ ድሮ የተናገረችውን አስታውሳ፣ አዲሱን ደግሞ ከነቀኑ ትጽፍበታለች። ነገሩ አዲስ አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን እንኳ ስለ መጀመሪያ ልጁ ሕፃንነት ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ልጁ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው፤ አባቱ ጽሑፉን ያሳተመው በ1877፣ ልጁ የ37 ዓመት ሰው ሲሆን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ደብተሩን አውጥቼ አነበብኩላት። አሁን አምስት ሞልቷታል። «አባዬ ምጣ» የሚለው ጋ ስደርስ ኮስተር ብላ፣ «ምጣ አይባልም እኮ። ና ነው የሚባለው። ያኔ ትንሽ ነበርኩ» አለችኝ። ገልጬ የመብራቱን አነበብኩላት። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «እና አድርጎ ነበር?» አለች።

እጇን ይዤ ወደ ውጪ ወጣን። ቆጣሪውን አሳየኋት። ከቆጣሪው የሚወጣውን ሽቦ በጣቷ ተከትላ፣ ጣሪያውን አልፋ፣ መንገድ ላይ ያለው ምሰሶ ድረስ ሄደች። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«በዚህ ነው የሚመጣው?»

«በዚህ ነው።»

ሽቦውን ቀና ብላ ብዙ አየችው።

«ታዲያ በጣም ቀጭን ነው ማለት ነው» አለች።